ለጎረቤት የታደለችው መርከብ

አሥራ አራቱም ከረጢቶች ታጥበው ገመድ ላይ ተሰጥተው ነበር። ከአንድ እስከ አሥራ አራት ቁጥራቸው ላያቸው ላይ እንዳለ፣ በልብስ መቆንጠጫ ተይዘው፣ በእናቴ ቀሚስና በእኔ ካልሲ መሐል ውሃቸው ጠብ ጠብ ይላል። ከትክል ድንጋይ በሚኒባስ ስንገላታ ውዬ የግቢያችንን በር ገፋ ሳደርግ መጀመሪያ ያየሁት እነሱን ነው። ቦርሳዬ ከትከሻዬ ወረደ። 

«እማዬ! ውስጡ የነበረውስ?»

እናቴ እጇን እየጠራረገች ከጓዳ ብቅ አለች። ፊቷ ፈክቷል። «እንኳን ደህና ገባህ። አዳረስኩት እኮ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«መጫወቻውን ነዋ! ለሁሉም ደረሰ። የቀረ ቤት የለም።»

ግድግዳውን ተደግፌ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። 

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። እኔ የቤት ፕላን ሠሪ ነኝ። ጎንደር ፒያሳ አንድ ፎቅ ላይ ተቀምጬ ቀን ቀን የሰው ቪላ በኮምፒውተር እስላለሁ፤ ባለቤቶቹም ብሎኬቱን እስከ መስኮት አድርሰው ይተዉታል። የማይጠናቀቅ ቤት መሳል ሲሰለቸኝ ነው ወደ መርከቧ የገባሁት። መርከቧ የጠፈር መርከብ ናት። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በፍላሽ የሰጠኝ ተከታታይ የሳይንስ ልቦለድ ፊልም ላይ፣ በደረቁ ዓለማት መካከል ውሃ ታመላልሳለች። ከሌሎቹ የፊልም መርከቦች ጋር ስትተያይ አታምርም። እዚህም እዚያም ተለጣጥፋለች፤ ሞተሯ ሲነሳ ያስላታል፤ ሆዷ የውሃ ታንክ ስለሆነ ሰፊ ነው፣ ሆዷን ከጭራዋ የሚያገናኘው አንገቷ ግን ቀጭን። በመተማ መንገድ ጭነት የሚያመላልሱ አሮጌ ማኪኖችን ትመስለኝ ነበር። ወደድኳት።

ሕፃናት እያጋጠሙ የሚሠሩባቸውን የፕላስቲክ ጡቦች ታውቋቸዋላችሁ። በእነዚህ ጡቦች በኮምፒውተር ላይ ንድፍ የሚሠራበት ፕሮግራም አለ። መርከቧን በዚያ ላይ ሦስት ዓመት ሙሉ ስሠራትና ሳፈርሳት ኖርኩ። በመጨረሻ ባሕር ማዶ ያለ አንድ ትንሽ ድርጅት የፊልሙን መጫወቻ ለማምረት ንድፍ እንደሚፈልግ ሰማሁና ላኩላቸው። ከብዙዎቹ ሁለት አስቀሩ፤ የእኔንና የአንድ የማላውቀው ሰው። ከዚያ አንድ ሺህ ሁለት መቶ አርባ ጡቦች፣ በመግጠሚያ ቅደም ተከተላቸው በአሥራ አራት ከረጢት ለይተው በካርቶን ላኩልኝ። ኮምፒውተር ላይ ምንም ነገር አይወድቅም፤ አየር ላይ የተንጠለጠለ ጡብ እንኳ ዝም ብሎ ይቆማል። እነሱ ግን እውነተኛዋን ማየት ፈለጉ። ሐሙስ በቪዲዮ ጥሪ መርከቧን ከኋላዋ በአንድ እጅ አንስቼ ልነቀንቃት ነው። ካልተበታተነች ትመረታለች፤ ስሜም ካርቶኑ ላይ ይጻፋል። ከተበታተነች የሌላው ሰው ትመረታለች።

ካርቶኑ ቅዳሜ ደረሰ። እሑድ ደግሞ ትክል ድንጋይ የአጎቴ ተዝካር ነበር፤ አይቀርም። ካርቶኑን አልጋዬ ላይ አስቀምጬ ሄድኩ፤ ሰኞ ስመለስ ከረጢቶቹ ገመድ ላይ።

«ምነው እንዲህ ደነገጥህ?» አለች እናቴ፣ ከላዬ ቆማ። «አንተው አይደለህ የልጆች መጫወቻ ነው ያልከኝ? ሦስት ዓመት ሙሉ ምን ትሠራለህ ስልህ የልጆች መጫወቻ ስትለኝ አልነበረም? አንተ ልጅ አለህ እንዴ?»

«ለእኔ ነው የመጣው!»

«በሠላሳ አራት ዓመትህ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ያስቀኝ ነበር። እሷ ግን ከልቧ ነበር የምታስረዳኝ። ካርቶኑ በባጃጅ ሲገባ ሰፈሩ በሙሉ አይቶታል። የባሕር ማዶ ቴምብር አለበት። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ «እንኳን ደስ አለዎ፣ ልጅዎ ዕቃ መጣለት አሉ» ያላላት አልነበረም። «ከሩቅ የመጣ ነገር ተዘግቶበት ሲቀመጥ ዓይን ይበዛበታል። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል። ላንተ ብዬ ነው» አለች። እያንዳንዱን ከረጢት በመቀስ ቆርጣ፣ ሁሉንም በትልቁ ሰፌድ ላይ አፍስሳ፣ ቀዩን ከግራጫው ደባልቃ፣ በእፍኝ በእፍኝ ለየቤቱ አድላው ነበር።

«መሃይም!» አልኳት።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ተናግሬ ሳልጨርስ እኔው ደነገጥኩ። እናቴን፣ ዳዊት በቃሏ የምትደግመውን ሴትዮ፣ በዚያ ስም ጠራኋት። እሷ ወደ ገመዱ ሄዳ ከረጢቶቹን አንድ በአንድ ማውረድ ጀመረች።

ቆይታ «እንጀራህ ነው?» አለችኝ፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ።

«እንጀራዬ ነው።»

«አልነገርከኝማ።»

ራሴ ልሰበስብ ብዬ ወጣሁ። ከግቢያችን ዝቅ ብሎ ወደ ቀሐ በሚወስደው መንገድ ሁለት ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ገበጣ ይጫወታሉ። ጉድጓዶቹ ውስጥ ያለው ጠጠር አልነበረም፤ የመርከቧ ሞተር ነበር። ክብ ክብ ግራጫ ጡቦች፣ አራት አራት ሆነው።

«አያ፣ እንዴት ዋላችሁ?» አልኩ፤ ዓይኔን ከጉድጓዶቹ ማንሳት አቃተኝ።

«እግዜር ይመስገን። እናትህን ዕድሜ ይስጣት፣ ሸጋ ነገር ነው የሰጠችን» አሉ አንደኛው፣ ሞተሬን በየጉድጓዱ እየዘሩ። «ጠጠር ይንሸራተታል፤ ይሄ ያዝ ያደርጋል። ለመሆኑ ለምንድነው የተሠራው?»

«ለጠፈር መርከብ።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ። «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ» ብለው ወደ ጨዋታቸው ተመለሱ።

መልሱልኝ ማለት አልቻልኩም። ትንሽ ራቅ ብሎ የቆመ ባጃጅ መስተዋት ላይ ሁለቱ የመርከቧ ቀይ መብራቶች በማጣበቂያ ተለጥፈዋል። የአጥር ጎረቤታችን ትንሽ ልጅ ደግሞ ቀዳዳ ያላቸውን ጡቦች በክር ሰክታ አንገቷ ላይ አድርጋለች፤ መርከቧ የምትታጠፍበት ክፍል በሙሉ እዚያ ነበር። ልጅቷ አንገቷን ወደ ላይ አድርጋ አሳየችኝ። «ያምራል» ብያት ባዶ እጄን ተመለስኩ። 

ማክሰኞ ጠዋት ሰፌዱ ከተሰቀለበት የለም፤ እናቴም የለችም። ከአጥሩ ማዶ ድምፅዋን ሰማሁ። «የሰጠሁትን ልንጠቅ አይደለም የመጣሁ። የልጄ ሥራ ኖሯል፤ ሳላውቅ ነው። እስከ ዓርብ አውሱኝ» ትላለች። አንድ የማላውቀው የሴት ድምፅ «የዘንድሮ ስጦታ ደግሞ ይመለሳል እንዴ?» አለ። የሚያስቁም ነበሩ። እናቴም «ዓርብ ካልመለስኩ ታቦቱ ይፍረድብኝ» አለች።

 እናቴ አትምልም። የሞተች ጎረቤት ያዋሰቻትን መርፌ ለልጆቿ ልትመልስ እስከ አዘዞ በእግሯ የሄደች ሴት ናት። ቃሏ ቃል ስለሆነ መሐላ አስፈልጓት አያውቅም።

እኩለ ቀን ላይ ሰፌዱን ተሸክማ መጣች፤ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አውርዳዋለች። ጡቦቹ ሳሙና ሳሙና፣ ቅቤ ቅቤ፣ ማስቲካ ማስቲካ ይሸታሉ። የገበጣው አሉ፤ የአንገቱም አለ፣ ከነክሩ። ሳጣራ አሥራ ዘጠኝ ጎደሉ፤ ከውጭ የማይታይ ቦታ ስለነበሩ ያለ እነሱ ልገጥማት ወሰንኩ። እናቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ ቀዩን ከቀይ ግራጫውን ከግራጫ ስትለይልኝ ዋለች። ስለ ሰኞው ቃሌ ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት «ይቺስ ከየት ወገን ናት?» ብላ ሌላ ጡብ አሳየችኝ።

ሐሙስ መርከቧን በካርቶን ይዤ ቢሮ ሄድኩ፤ ኔትወርኩ እዚያ ይሻላል። ስክሪኑ ላይ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ብቅ አለች። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ «አንሳት» አለችኝ። አነሳኋት። «ነቅንቃት።» አንዴ ነቀነቅኳት፣ ቆመች። ሁለተኛ ስነቀንቃት አንገቷ ቀጭ አለ። የውሃ ታንኩ ጠረጴዛው ላይ ወድቆ ተበተነ፤ ጡቦቹ እስከ በሩ ተንከባለሉ። በእጄ የቀረው ጭራዋ ብቻ ነበር። ኮምፒውተሬ ላይ ሦስት ዓመት ያልወደቀች መርከብ!

ሴትዮዋ ግን አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። አንገቱ እንዲህ በአንድ ረድፍ ከተያያዘ እንደማይችል፣ ጡቦቹ መጋጠሚያ በመጋጠሚያ ላይ ሳይውሉ ሁለት ረድፍ ተጠላልፈው ቢያዙ እንደሚቆም ነገረችኝ። ይህንን የጎንደር ግንበኛ በሙሉ ያውቀዋል፤ እኔ ነኝ ያላወቅኩት። «የሌላውም ንድፍ ተሰብሯል። ለሁለታችሁም እስከ ሰኞ ጊዜ ሰጥተናል» አለች።

ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። «እስከ ሰኞ ካልቆየች አለቀልኝ» አልኩ። በልቤ ወደ ጎረቤቶቹ ሄዳ ሦስት ቀን እንድታስጨምርልኝ ነበር የፈለግሁት። 

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አንገቱን እንደገና እየገጠምኩ ሳለ የግቢው በር ተንኳኳ። የአጥር ጎረቤታችን ነበረች፣ የሰፈሩን ልጆች አስከትላ። መጋረጃው ወርዶ ስለነበር አይታዩኝም፤ የእግራቸው ኮቴ ግን ብዙ ነው።

«እትዬ፣ እነዚህ ልጆች ከጠዋት ጀምሮ ዓርብ ዓርብ ሲሉ አደነቆሩኝ» አለች፣ እየሳቀች።

 እናቴ እንዲህ ስትል ሰማኋት፦

«ምን ልበላችሁ ልጆቼ። ተሰረቀ። ትናንት ከፒያሳ ሲመለስ ከባጃጅ ላይ ወሰዱበት።»

እጄ አየር ላይ ቀረ። ሌላ ሰው የተናገረ መሰለኝ። ድምፅዋ ግን የእሷ ነው፤ አልተንቀጠቀጠም፣ አልተደናቀፈም፤ ዕድሜ ልኳን ስትዋሽ የኖረች ይመስል።

«ውይ እትዬ!» አለች ጎረቤታችን። «ውይ ልጅዎን! ምነው ምነው!»

«ሁሉንም ነው የወሰዱት?» አለች አንዲት የሕፃን ድምፅ። በክር የሰካችው ልጅ ናት።

«ሁሉንም፣ የኔ ልጅ።»

ልነሳ ይገባኝ ነበር። በሩ ከእኔ አምስት እርምጃ ነው። ወጥቼ «አልተሰረቀም፣ ይኸው፣ ሦስት ቀን ብቻ ታገሱኝ» ብል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አልተነሳሁም። የመርከቧን አንገት በሁለት እጄ ይዤ፣ ጡቦቹ ሲጋጠሙ ቀጭ የሚሉት ድምፅ እንዳይሰማብኝ ትንፋሼን ውጬ ተቀመጥኩ። ይህን ስጽፈው እንኳ ፊቴ ይግላል።

ልጆቹ ሲሄዱ እናቴ ገባች፤ አላየችኝም። «በል ሥራህን ሥራ» አለች።

«እማዬ፣ ሰኞ እመልሳለሁ ብትያቸው ምን ነበረበት?»

«ምያለሁ እኮ። ሰኞ ብላቸው ያው ማፍረስ ነው። ደግሞ አለች ብል ዓይናቸው ያንተ ሥራ ላይ ያርፋል፤ የልጆች ድርሻ ነጥቆ ይሉሃል። ጠፋ ካልኳቸው ያዝኑልሃል። ያዘኑለትን ሰው ዓይን አይነካውም።» ከዚያ ወደ ጓዳ ገባች።

ሰኞ መርከቧ ቆመች። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አሥር ጊዜ ነቀነቅኳት። የሸበተችው ሴት «ይበቃል፣ ይበቃል» ብላ እየሳቀች አስቆመችኝና ተቀበሉኝ። ስሜ ካርቶን ላይ! ከደረጃው ወርጄ በፒያሳ መንገድ ላይ እንደ እብድ ብቻዬን እስቅ ነበር። ቤት እንደደረስኩ መርከቧን በፍጥነት ፈታታሁ፣ ሰፌዱ ላይ አፈሰስኳትና ወደ በሩ አመራሁ። እናቴ የበሩ መድረክ ላይ ቆማ ነበር።

«ወዴት ነው?»

«ልመልስላቸው። አለቀ፣ አለፍኩ እኮ!»

«እልል» አለች ቀስ ብላ፣ ለራሷ ያህል። ፈገግ ለማለትም ሞከረች። ከዚያ ሰፌዱን ከእጄ ተቀበለችኝ። «ተሰረቀ ያልኩትን ምን ብለህ ልትመልስ ነው? ያቺ ሴትዮ ዋሽታለች ልትላቸው?»

ይህን ለአንድ አፍታ እንኳ አላሰብኩትም ነበር።  አንዱን ጡብ እንኳ ብመልስ እናቴ ሰፈሩ ፊት ውሸታም ትሆናለች፤ ካልመለስኩ ደግሞ በታቦት የማለችውን ያፈረሰች። መውጫ አልነበረውም። ጡቦቹን ከአልጋዬ ሥር ከትቼ ጋቢ ጣልኩባቸው።

በማግስቱ ጠዋት ከግድግዳው ማዶ ድው፣ ድው የሚል ድምፅ ቀሰቀሰኝ። እናቴ ትሰግዳለች። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ጉልበቷ ደግሞ ከክረምት ጀምሮ ያማታል። ስትጨርስ ጠበቅኳት።

«ምንድነው ይሄ?»

«ቀኖና ነው። ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። በቀን አርባ አንድ ስግደት ሰጡኝ።» ነጠላዋን እያስተካከለች፣ ተራ ነገር እንደምታወራ፣ «እስክጨርስም አልቆርብም» አለች።

እናቴ ቆራቢ ናት። ከአባቴ ሞት በኋላ ሥጋ ወደሙ ሳትቀበል ያለፈችው ሰንበት በሕመም ካልሆነ የለም። እኔ «መሃይም» ያልኳት ሴት ለካርቶን ላይ ስሜ ስትል ከቁርባን ተከለከለች።  «አብሬሽ ልስገድ» ስላት «አንተ ምን አጠፋህ?» አለችኝ፣ ከልቧ ተገርማ።

እሑድ አብሬያት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ቆራቢዎቹ ሲሰለፉ እሷ በሴቶቹ በር አጠገብ ቆማ ቀረች። ሰው ያያታል፤ የሚያያትም ይገረማል። ቅዳሴው አልቆ ስንወጣ የአጥር ጎረቤታችን ቅጽሩ ጥግ አገኘችን።

«ምነው እትዬ፣ ዛሬ ሳይቆርቡ?»

«ሆዴን አሞኝ አደረ» አለች እናቴ።

ይኸው ሁለተኛው፤ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ! የመጀመሪያውን ለመሸፈን ሁለተኛ፣ ነገ ደግሞ ሦስተኛ። አልቻልኩም። እናቴ ጠበል ልትጠጣ ፈንጠር እንዳለች ወደ ጎረቤታችን ዞርኩ፤ «አላመማትም። ዕቃውም አልተሰረቀም። እኔ ቤት...» ስል ክንዴን በጥፍሯ ያዘችኝ።

«ዝም በል!» አለች በሹክሹክታ። «እናውቃለን።»

«ምን?»

«ቅዳሜ በመስኮት ስትነቀንቃት ልጄ አይታሃለች። በሰፈሩ ያላወቀ የለም፤ ገበጣ የሚጫወቱት ሽማግሌዎች ሳይቀሩ። ልጆቹን ትንፍሽ እንዳትሉ ብለናቸዋል። የእትዬን አንድ ውሸት መሸከም ያቅተናል እንዴ? አሁን ብትናገር ነው የምትገድላት።»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ ልጅ፣ ሳምንቱን ሙሉ «አይዞዎ፣ ሌባ አይባረክ» እያለ በራችን ላይ ሲያልፍ የነበረው እያወቀ ነው። ያላወቀች እሷ ብቻ ናት።

እናቴ አፏን በነጠላዋ እየጠረገች መጣች። «ምን እያወራችሁ ነው?» አለች።

«ሌባው ተያዘ እንዴ እያልኩት ነው» አለች ጎረቤታችን።

እናቴ አየችኝ።

«አልተያዘም» አልኩ።

እናቴን መሐል አድርገን፣ ሦስታችንም ዋሽተን፣ ወደ ሰፈራችን ወረድን።